የጉሬዛ ጉርሻ

በሁለት ሺህ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ጥር አሥራ ዘጠኝ ቀን ጠዋት፣ ወይዘሮ ሶልያና ቢምረው ላም እንደሌላት ተነገራት። ያን ጊዜ ላሟን እያለበች ነበር።

የነገራት በበረቱ ግድግዳ ላይ ያለው ድምፅ ነው። ከርብ ወንዝ ማዶ የሚኖር ሰው ከአልጋው ሲወርድ መጀመሪያ የሚሰማው እሱን ነው። ድምፁ የላሟ ሆድ እንዴት እንዳደረ ያወራል፦ በጨጓራዋ ውስጥ ከሚኖሩት ረቂቅ ነፍሳት የትኞቹ በዙ፣ የትኞቹ አነሱ፣ ላሚቱ ስንት ጊዜ አገሳች፣ ግሳቷስ ከተፈቀደላት አለፈ ወይስ አላለፈም። ሰውም ይህን ለምዶ ሰላምታውን አስረዝሟል። «እንደምን አደርህ» ይልና «ሆዷስ?» ብሎ ይጨምራል። የተጠየቀው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገለባ ፈጪዎቹ ተመልሰዋል» ይላል። ስለ ራሱ ሆድ የሚጠይቀው የለም።

በዚያ ጠዋት ድምፁ እንዲህ አለ፦ «ቦቄ የተባለች ላም የለችም። በስሟ የቆመችው የአቶ ናሆም ደሴ ላም የጉሬዛ ግልባጭ ናት። ግልባጯ ጥር ሃያ ሁለት ቀን ትወሰዳለች። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ሶልያና ማለቧን አላቋረጠችም። ቦቄ መሀል ላይ ሲተዋት ቅር ይላታል።

«ሰማሽ? የለሽም ተባልሽ» አለቻት።

ቦቄ ጅራቷን ወዲያና ወዲህ አለች። ግንባሯ ላይ ያለችው ነጭ ቦቃ ለስሟ የምትመሰክርላት ብቸኛ ማስረጃ ነበረች፤ ቦቃዋ ደግሞ በሕግ ማስረጃነቷ ከቀረ ሠላሳ ዓመት ሆኗታል። ድሮ ከብት የሚታወቀው በጆሮው ላይ በሚንጠለጠል ቁጥር ነበር አሉ። ጆሮ ተቆረጠ፤ ቁጥር ተለዋወጠ፤ አንዱ የሌላውን በሬ ቀለም ቀብቶ ሸጠ። በኋላ መንግሥት ወደ ሆድ ገባ። እያንዳንዷ ላም ጥጃ ሳለች አንድ እንክብል ትውጣለች፤ እንክብሉ ጨጓራዋ ውስጥ ቁጭ ብሎ የነዋሪዎቹን ዘረመል ሌት ተቀን ያነብና ለመዝገብ ቤት ይልካል። የሁለት ላም ሆድ አንድ ሆኖ አያውቅም፤ ስለዚህ ሆዷ ስሟ ሆነ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የነበረውን የዛሬ ልጆች «መዝገብ ያወጣዋል» ብለው ነው የሚተርቱት።

ንባቡ ሲመጣ በቀለም ነው የሚመጣው፤ ቀጠን ያለ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ የወይን ጠጅ፣ እንደ ጥለት የተሰደረ መስመር። እንደ ጥለት ነው ከተባለማ ሴቶቹ ምን ይጠብቃሉ? ርብ ማዶ ያለች ሴት ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ የላሟን ሆድ ለሸማኔው ልካ በነጠላዋ ጠርዝ ታሠራለች። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የቆመችውን ሴት ከኋላዋ አይቶ የማን ላም ባለቤት እንደሆነች መናገር እንግዲህ ቀላል ነው።

ሶልያና ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመት፣ ሴት ልጇ ከተማ ከገባች አምስት ዓመት አልፏል። በግቢዋ ውስጥ ስሙን ሲጠሩት ቀና የሚል ሌላ ነፍስ የለም፤ ቦቄ ብቻ ናት። ቦቄ ደግሞ የሦስት ወር እርጉዝ ናት። የቦቄን ቅድመ አያት ለሶልያና የሰጠቻት የሶልያና እናት ናት፣ ለሠርጓ። ድምፁ ግን ይህን ሁሉ አያነብም።

ጉዳዩ ምን እንደሆነ ለሶልያና ግልጽ ነበር። ከሁሉ የከበዳትም ይኸው ነው።

ኅዳር ላይ ቦቄ ገመዷን በጥሳ የተሰጣ ሩዝ ላይ ወጣች። እስክትጠግብ አልነበረም የበላችው፤ ከዚያም አልፋ ነበር። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጠረ። መዝገብ ቤቱ መድኃኒት ላከ፤ መድኃኒቱ እብጠቱን አበረደ፤ አብሮ ግን በጨጓራዋ ያለውን ነዋሪ አንድ ሳያስቀር ጠራርጎ አስወጣው። ቦቄ ዳነች፣ ግን ማመስኳት አቆመች። ማመስኳት ያቆመች ላም ጸሎት እንዳቆመ መነኩሴ ናት፤ ልብሱ አለ፣ ቆቡ አለ፣ ሰውየው የለም። አራት ቀን እንዲህ ቆመች። የቀረበላትን ገለባ ታየዋለች፣ ገለባውም ያያታል።

በአምስተኛው ቀን ሶልያና እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ ወደ አያ ናሆም ግቢ ሄደች። ምንም አላለችም። አያ ናሆም ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባለ አንዲት ላም ሰው ናቸው፤ የታጠበውን እጇን አይተው እሳቸውም ምንም አላሉም። ጉሬዛ ጥላ ሥር ተኝታ ታመሰኳ ነበር። አያ ናሆም በጉልበታቸው ተንበርክከው አንገቷን ጠበቁ። ላም ስታመሰኳ ጉርሻው ከጨጓራዋ ተነሥቶ በአንገቷ ሥር ሽቅብ እንደ አይጥ ሲሮጥ ይታያል። አፏ ሲደርስ ምላሷን ይዘው፣ እጃቸውን ሰደው፣ ትኩሱን አወጡት፣ በኮባ ቅጠልም ጠቅልለው ሰጧት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛም ጨመሩ። ሶልያና ሮጣ ሄዳ ለቦቄ አጎረሰቻት። በሦስተኛው ቀን ቦቄ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ማመስኳት ጀመረች። ባዶ ቤት የገባው የጉሬዛ ሆድ ሕዝብ እዚያው ከትሞ፣ ወልዶ፣ ተዋልዶ ቀረ።

የላም ጉርሻ አይመሰገንበትም፣ አይወራም። ሰጪው ካወራ ከሰጪዋ ላም፣ ተቀባዩ ካወራ ከተቀባይዋ ላም በረከቱ ይነሣል ይባላል። ማን እንዳለው አይታወቅም። ሁሉም ግን ይጠብቀዋል፤ ባል ለሚስቱ እንኳ አይነግርም።

ድምፁ በተናገረ ማግስት ሶልያና ወረታ ከተማ ወረደች። የመዝገብ ቤቱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ በትልቁ «አንድ ሆድ፣ አንድ ላም» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ፣ በትንሹ፣ የሰው ሆድ ምዝገባ ከፋሲካ በኋላ እንደሚጀመር የሚናገር ማስታወቂያ ነበር፤ ተሰልፎ የቆመው ሰው ጀርባውን ደግፎበታል።

መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ አርሴማ ትባላለች፤ ወደ ሠላሳ የሚጠጋት፣ ጥፍሯን ቀይ የተቀባች፣ ትሑት ሴት ናት።

«ቦቄ የሚባል ላም የለም፣ እትዬ።»

«ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት ሦስት ሊትር ነው የታለበችው።»

«የታለበችው ጉሬዛ ናት።»

«ጉሬዛማ አያ ናሆም ቤት ናት።»

«እዚያም ናት።»

«እንግዲያው እኔ ቤት ምን ትሠራለች?»

«እሱን እኛም ለማወቅ እንፈልጋለን» አለች አርሴማ፣ ከልቧ። ወደ ሰሌዳዋ ዝቅ ብላ አየች። «እስከ ኅዳር አሥር ድረስ ቦቄ ነበረች። ከዚያ አንድ ሳምንት ማንም አልነበረችም። ከዚያ ጉሬዛ ሆነች። እትዬ፣ ሁለቱ ላሞች ተገናኝተው ያውቃሉ?»

«ወንዝ ላይ ይገናኛሉ።»

«በአፍ?»

መልሱ በሶልያና ምላስ ላይ ነበር። ብትናገረው ምናልባት ይህች ልጅ ሰው ናት፣ ትረዳታለች። ግን ብትናገረውና ቦቄ ነገ ጠዋት ማመስኳቷን ብትተው? ሆዷ ውስጥ ያለው ጥጃስ?

«ላም አፍ የላትም እንዴ፣ ልጄ» አለች በመጨረሻ። «አፍ ያለው ሁሉ ይገናኛል።»

«እሱን አልመዘግበውም» አለች አርሴማ። ጎንበስ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሚነግሩኝ ነገር ካለ ላሟን የሚወስደው መኪና ሳይመጣ ይንገሩኝ። መኪናው ከመጣ እኔም ምስክር ነኝ እንጂ አዛዥ አይደለሁም።»

ስትመለስ መንገዷ በአያ ናሆም በር ያልፋል። አያ ናሆም አጥራቸው ላይ ተደግፈው ነበር።

«መዝገብ ቤት ሄጄ ነበር» አለቻቸው።

«አልሰማሁም።»

«ላሜን ጉሬዛ ናት አሉኝ።»

«እኔ የማውቀው ነገር የለም» አሉ አያ ናሆም፣ ወደ ሰማይ እያዩ። «የማውቀው ነገር እንደሌለኝም ለማንም አትንገሪ።»

«አያ ናሆም፣ ልትወሰድብኝ ነው እኮ።»

ሽማግሌው አንድ ሸክም ድርቆሽ አንሥተው በአጥሩ ላይ አሻገሩላት። ሶልያና ድርቆሹን ተሸክማ ወደ ቤቷ ሄደች። ሌላ ምን ሊሏት ይችሉ ነበር?

ጥር ሃያ አንድ አስተርዮ ማርያም ነው፤ የደብሩ ዓመታዊ ክብረ በዓል። ሸማኔው አቶ ኤፍሬም እንደ ልማዱ ለጥምቀት ያለውን ነጠላ ለአስተርዮ አድርሶት ነበርና ሴቱ ሁሉ ያን ቀን አዲስ ለብሶ መጣ። ሶልያና በስተኋላ፣ ቅጥሩ ሥር ቆመች። ልመናዋ አጭር ነበር፤ ስም ብቻ ጠራች፣ የቦቄን። እመቤታችን የላም ስም አትንቅም፣ በረት ውስጥ ነው የወለደችው።

ቀና ስትል ፊት ለፊቷ የቆመችውን ሴት ነጠላ አየች። ጠርዙ ላይ ያለው ጥለት የእሷው ነው፦ ሁለት ቀጫጭን አረንጓዴ፣ አንድ ሰፊ የወይን ጠጅ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ እንደገና አረንጓዴ። ዓይኗን ወደ ቀኝ መለሰች። እዚያም አለ። ወደ ግራ። እዚያም። ቅዳሴው እስኪያልቅ ዘጠኝ ቆጠረችና እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ ብላ ተወችው።

ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ ሰው በዋርካው ሥር ለዝክር ተቀመጠ። ጠላው መዞር ሲጀምር ወይዘሮ ሜሮን ተነሣች። ሜሮን ማለት በሰፈሩ ነጠላዋን ከማንም ቀድማ የምታሠራ፣ ከማንም በኋላ የምትጣላ፣ ከተጣላች ግን የማትመለስ ሴት ናት።

«አንቺ» አለቻት ከጎኗ ያለችውን ሴት፣ «የላሜን ጥለት ማን ሰጠሽ?»

«የማን ላም? የራሴ ላም ነው።»

«የራስሽማ አምና ብርቱካን ነበር፤ ሰው የሚያውቀው።»

«ሆድ አይለወጥም ያለሽ ማን ነው?»

«የሸማኔ ሌባ እንጂ ሆድማ አይለወጥም» አለች ሜሮን፤ ሁሉም ወደ አቶ ኤፍሬም ዞረ።

አቶ ኤፍሬም ዋንጫውን በጥንቃቄ መሬት ላይ አስቀመጠ። «እኔ የተላከልኝን ነው የምሠራው» አለ። «ሃያ ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ጥለት ሲልክልኝ ምን ላድርግ? የዘንድሮ ፋሽን መስሎኝ ነበር።»

«ሃያ ስንት?» አለ አንዱ።

«ሃያ ሦስት።»

ሃያ ሦስት ሴቶች የነጠላቸውን ጠርዝ ጎተት አድርገው አዩ፤ ቀጥለው የጎረቤታቸውን አዩ፤ ከዚያ መሬት አዩ። ባሎቻቸውም መሬት አዩ። አያ ናሆም ዋንጫቸው ውስጥ የወደቀ ነገር የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር።

ከሶልያና ጎን የተቀመጡት የደብሩ መሪጌታ ያፌት ነበሩ። የሚያዩትም የሚሰሙትም ያነሰ ይመስል ነበር፤ ግን የነጠላዋን ጠርዝ ደጋግማ ስትጠቀልል አዩ። አልጠየቋትም። ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው ዝግ ብለው፣ «የሰጠ ሰው ዝም ማለቱ መልካም ነው» አሉ። «የተቀበለ ሰው ዝም ማለቱ ግን… እኔ እንኳ አላውቅም። ልማድ ነው እንጂ ትእዛዝ ሆኖ አላገኘሁትም።»

ሶልያና ብድግ አለች። 

«ቦቄ ከጉሬዛ ጎርሳለች» አለች። «በኅዳር። ሁለት ጊዜ። እኔ ነኝ ያጎረስኳት።»

አንድ ሕፃን አለቀሰ፣ እናቱ ጡት አስያዘችው። ሶልያና ከቆመችበት ሆና ቤቷ ያለችው ላም ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ስትዝል ታያት፤ ጌታ ሆይ፣ ምነው ባልተናገርኩ አለች በልቧ።

«የእኔዋም» አለ ከወዲያ ማዶ አንድ ድምፅ። «በሐምሌ።»

«የእኔዋም። መድኃኒቱን ከሰጠኋት በኋላ።»

«የእኔዋ ከጎረሰች ሁለት ዓመቷ ነው።»

«አንተ» አለችው አንዲት ሴት ባሏን፣ «ላሟ በጸበል ነው የዳነችው አላልከኝም?»

«ጸበሉንም ጠጥታለች።»

ሳቁ ከዚያ ጀመረ። አንዱ ሲናገር ሌላው «እኔም» እያለ እጁን ያነሣል፤ ሃያ አንድ እጅ ሲሞላ ሁሉም ወደ አንድ ሰው ዞረ።

«አያ ናሆም፣ ሃያ አንድ ቤት?»

«እኔ ምንም አላልኩም» አሉ አያ ናሆም።

«አሁን ይበሉ እንጂ፣ ሁሉም ወጥቷል።»

ሽማግሌው ጢማቸውን አሻሹ። «ከተባለማ፣ የእኔዋስ የት አመጣችው? በጎርፉ ዘመን ጉሬዛ ልትሞት ደርሳ ሳለ ከሜሮን እናት ላም ነው የጎረሰችው። የሜሮን እናት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እጃቸው ቀላል ነበር።»

ሜሮን ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ጥለቱ የእኔ ነው ብያለሁ እኮ» አለች።

በማግስቱ ሶልያና ከወፍ ቀድማ ወደ በረቱ ገባች። እጇ በሩን ሳይነካው ጆሮዋ ሰማ፦ ያ የለመደችው፣ ዝግ ያለ፣ እርጥብ ድምፅ። ቦቄ ተኝታ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታመሰኳ ነበር። ሶልያና ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ትንሽ አዳመጠቻት። ተወርቶም በረከቱ አለመነሣቱን ለማን እንደምትነግር አሰበችና ለማንም ላለመንገር ወሰነች።

መኪናው ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ሹፌር የለውም። ሲቀርብ የጥጃ ድምፅ ያሰማል፣ የጠፋች እናቱን የሚጣራ የጥጃ ድምፅ፤ ላሞች በገዛ እግራቸው እንዲከተሉት ተብሎ ነው። ድምፁ በጣም ጥሩ ተደርጎ የተሠራ ነው። የወለዱ ሴቶች ሲሰሙት ጡታቸውን ይይዛሉ። አርሴማ በጎኑ ካለችው ወንበር ወረደችና መንገዱን ስታይ ቆመች።

ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል። ከአጥር እስከ አጥር ሃያ ሦስት ላም ተሰልፏል፤ ጥቁርና ነጭ፣ ቀይ፣ ዳለቻ፣ ቡላ፣ አንዷ ቀንዷ የተሰበረ። ይህን የመከሩት ማታ ነው፦ ሁላችንም አንድ ከሆንን አንዷን መርጦ ግልባጭ ሊላት አይችልም ብለው።

መኪናው በሰልፉ ፊት በዝግታ እያለፈ አነበበ።

«ጉሬዛ» አለ። «ጉሬዛ። ጉሬዛ። ጉሬዛ።» ሃያ ሦስት ጊዜ አለ። ቆመ። ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ሃያ ሦስት ጊዜ አለ። ከዚያ በዚያው በረጋ ድምፅ፣ «አንዲት ላምና ሃያ ሁለት ግልባጮች ተገኝተዋል» አለ። «ሃያ አንድ ተጨማሪ መኪና ተጠይቋል። ስለ ትብብራችሁ እናመሰግናለን።»

ይህን ማንም አላሰበውም ነበር።

ሜሮን ወደ ሶልያና ዞረች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «አንቺ አንድ ላም ልታድኝ» አለች፣ «የሃያ ሁለት ሰው በረት ከፈትሽ።»

የሶልያና እጅ በቦቄ አንገት ላይ ነበር። ከመዳፏ ሥር ጉርሻው ሽቅብ ሮጠ። ይች አንዲት ላም ናት አሉ። አንዲት ላም፣ ሃያ ሦስት ጌታ። አንድ ከብት፣ ብዙ ጌታ። ይህን የት ነው የማውቀው? ፋሲካ ትዝ አላት።

«ልጄ አርሴማ» አለች። «ለፋሲካ ስምንት ሆነን አንድ በሬ ለቅርጫ ስንገዛ በሬው የማን ነው?»

«የስምንታችሁ።»

«ከታረደ በኋላ አይደለም እኮ የምልሽ። ቆሞ ሳር ሲበላ።»

«ያኔም የስምንታችሁ ነው።»

«ከስምንታችን አንዱ አይታረድ ቢልስ?»

«አይታረድም» አለች አርሴማ። «የጋራ ከብት ያለ ሁሉም ስምምነት…» ቃሏን አልጨረሰችም። ወደ ሰልፉ አየች፤ ከአጥር እስከ አጥር፤ ከዚያ ወደ መኪናው።

«ጥያቄው አልገባኝም» አለ መኪናው።

«እኔ ገብቶኛል» አለች አርሴማ። «የላሟን ባለቤትነት ለማስተካከል ነው። የጋራ ከብት መዝግብ።»

«የላሟ ስም?»

«ጉሬዛ።»

«ላሟ ስንት እግር አላት?»

አርሴማ ትንሽ አሰበች። «ዘጠና ሁለት።»

«ተመዝግቧል። ስንት ቀንድ?»

«አርባ ስድስት» አለች።

«አርባ አምስት» አለች ሜሮን። «የእኔዋ አንዱ ቀንዷ በበሬ ተሰብሯል። ውሸት አታስገቡ።»

«አርባ አምስት። ተመዝግቧል።» ከመኪናው ጎን ረጅም ወረቀት ወጣ፣ እንደ መቀነት እየተጠቀለለ። «ባለቤቶቹ ሁሉ ላሚቱ ለብቻዬ የእኔ አይደለችም ብለው ይፈርሙ። የማይፈርም ካለ ላሚቱ የጋራ አይደለችም።»

ብዕር የሚያነሣ ጠፋ። መፈረም ቀላል ነው፤ ላሜ የእኔ ብቻ አይደለችም ብሎ መፈረም ግን የላም አገር ሰው ምላሱን ቢነክስ የማይወጣው ቃል ነው። ሶልያና ቀደመች። ስሟን ስትጽፍ ቦቄ የሚለው ቃል በየትኛውም ስፍራ እንደሌለ አየች፤ ለአንድ አፍታ ብዕሩ ቆመባት፤ ከዚያ ፈረመች። አያ ናሆም ተከተሉ፤ ከሁሉ የሚያጡት እሳቸው ነበሩ፣ ብቸኛዋ እውነተኛ ጉሬዛ የሳቸው ነበረችና። ከሁሉ ፈጥነው የፈረሙትም እሳቸው ናቸው። ከዚያ አንድ በአንድ፣ አቶ ኤፍሬምም ጭምር፤ ከሃያ ሦስቱ ጥለት አንዱ የሸማኔው የራሱ ቤት እንደነበረ ብዙ ሰው ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

ሜሮን ብቻ ቀረች። እጇን አጣምራ ቆማለች።

«ሃያ ሁለት ፊርማ» አለ መኪናው። «አንድ ይጎድላል።»

«ሜሮንዬ» አለች ሶልያና። «በእናትሽ ይሁንብሽ።»

«እናቴን ምን አመጣት?»

«እሷ ናት ያመጣችን። ሃያ ሦስታችንም ከእሷ እጅ ነው የጎረስነው።»

ሜሮን አንገቷን ወደ ላሟ አዞረች፣ ቀንደ ሰባራዋ፣ እሷም በእርጋታ ታመሰኳለች። 

«ጥለቱ የእናቴ ነው ብለሽ ከሥሩ ጻፊልኝ» አለቻት አርሴማን።

«እንዲህ ያለ ቦታ የለውም፣ እትዬ።»

«ቦታ ፍጠሪለት።»

አርሴማ ፈጠረችለት። ሜሮን ፈረመች። መኪናው የጥጃ ድምፁን አቆመ፣ ተጠይቀው የነበሩትን ሃያ አንድ መኪኖች ሰረዘ፣ በሩን ዘጋ። ሰዎቹም ላሞቻቸውን እየነዱ ተበተኑ፤ የማንን ላም ማን እንደሚነዳ ግን ያን ጠዋት እንደ ወትሮው ብዙም አላጣሩም።

ሶልያና ቦቄን ወደ በረቷ ስታዞር አርሴማ አልሄደችም። ወረቀቱን በእጇ ጠቅልላ ቆማለች።

«እትዬ ሶልያና» አለች። «እናቴ እብናት ነው ያለችው።»

«ደህና ናት?»

«እሷ ደህና ናት። ላሟ…» አርሴማ ወደ መኪናው አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ታኅሣሥ ላይ ሆዷ ተነፋ። መድኃኒቱን ይዤላት የሄድኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ ያስዋጥኳት። ከዚያ ወዲህ አታመሰኳም። እናቴ በስልክ አትወቅሰኝም። ዝም ትላለች። ዝም ስትል እሰማታለሁ።»

ሶልያና ላሟን አቆመች። የልጅቱን ቀይ ጥፍር ለጥቂት ጊዜ አየችው፣ ከዚያ አያ ናሆምን በዓይኗ ፈለገቻቸው። ሽማግሌው ሳይጠሩ መጡ፤ በአንድ እጃቸው የውኃ ጣሳ፣ በሌላው ምላጭ ይዘዋል።

«ጥፍሩን እንቆርጠዋለን» አለቻት ሶልያና። «የላም ጉሮሮ ቀለም አይወድም። እብናት ስንት ሰዓት ይወስድሻል?»

«በመኪናው ከሆነ አርባ አምስት ደቂቃ።»

«በኮባ ቅጠሉ ላይ ለብ ያለ ውኃ እየረጨሽ፣ ጉርሻውን ጭንሽ ላይ አድርገሽ ሂጂ። እንዲበርድ እንዳትፈቅጂለት።»

አርሴማ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ውኃው ከመሄዷ በፊት ግን ወረቀቱን መኪናው ጎን ላይ ዘረጋችና ከሜሮን ፊርማ በታች የእናቷን ስም ጻፈች። መኪናው አነበበ፣ ጠበቀ፣ ጠየቀ።

«ላሟ ስንት እግር አላት?»

«ዘጠና ስድስት» አለች አርሴማ፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች።

«ተመዝግቧል።»

የእብናቷ ላም ያን ሰዓት ገና አልጎረሰችም ነበር።